የጦስኝና የባሕር ዛፍ ዘይት፦ ምን ይገድላል? ምንስ አያድንም?

ባክቴሪያና ፈንገስ ስለሚያጠፉ የተክል ዘይቶችና ስለ ቤታችን ጤና

አብዛኞቻችን ያደግነው በቅጠል መዓዛ ውስጥ ነው። ጉንፋን ሲይዘን የባሕር ዛፍ ቅጠል ተፈልቶልን፣ ጋቢ ተከናንበን ታጥነናል። “ምች መታው” ሲባል ዳማከሴ ታሽቶ ወደ አፍንጫችን ቀርቧል። ጥርሳችንን ሲያመን ቅርንፉድ ነክሰናል። ሻያችን በጦስኝ፣ ቡናችን በጤና አዳም፣ በርበሬያችን በነጭ አዝሙድና በኮረሪማ ይጣፍጣል። ይህን ሁሉ ያስተማሩን እናቶቻችን ላቦራቶሪ ገብተው አያውቁም፤ ነገር ግን የትኛው ቅጠል ለምን እንደሚሆን ከእናቶቻቸው ተቀብለው ለእኛ አስተላልፈዋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ነገር ተጨምሯል። የእነዚሁ ተክሎች ዘይት በትንንሽ ጠቆር ያሉ ጠርሙሶች ታሽጎ በመዋቢያ ሱቆች ይሸጣል፤ ከአሜሪካና ከአረብ አገሮችም በዘመድ እጅ በስጦታ ይመጣል። ከእሑድ አምልኮ በኋላ በጓደኛሞች መካከል ሳይቀር “ይህ ዘይት ባክቴሪያ ይገድላል፤ ፈንገስ ያጠፋል፤ ይህ በቤታችሁ ካለ ሐኪም ቤት መሮጥ አያስፈልጋችሁም” የሚል ወሬ ይሰማል።

እውነት ነውን? መልሱ ሁለት ክፍል አለው። ባክቴሪያና ፈንገስ ይገድላል የሚለው እውነት ነው፤ በብዙ ምርመራ ተረጋግጧል። ሐኪም አያስፈልግም የሚለው ግን ከዚህ እውነት አይከተልም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ፣ በተለይ ሕፃን ልጅ ባለበት ቤት፣ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ዘይቱ ከየት ይመጣል?

የጦስኝ ቅጠል በጣታችን ስናሽ እጃችን ላይ የሚቀረው መዓዛ ዘይት ነው። ይህ ዘይት እንደ ኑግ ወይም እንደ ወይራ ዘይት የምግብ ዘይት አይደለም። በወረቀት ላይ ጠብ ብናደርገው ቅባቱ ሳይቀር በአብዛኛው ተንኖ ይጠፋል። ስለዚህም ተናኝ ዘይት ወይም የመዓዛ ዘይት ይባላል። ተክሉ ይህን ዘይት የሚያዘጋጀው ለእኛ ሻይ ብሎ አይደለም፤ ቅጠሉን ከሚበሉ ነፍሳት፣ ከሻጋታና ከባክቴሪያ ራሱን ይከላከልበታል። ፈጣሪ ሮጦ ማምለጥ ለማይችለው ተክል መከላከያውን በቅጠሉ ውስጥ አኑሮለታል።

ዘይቱን ለማውጣት ቅጠሉ በእንፋሎት ይመታል። እንፋሎቱ ዘይቱን ይዞ ይወጣና በቀዝቃዛ ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ እንደገና ውኃ ይሆናል፤ ዘይቱም ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል። በድስት ክዳን ላይ ጠብታ ሲቋጠር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከብዙ ተክሎች 100 ኪሎ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቢሆን ነው። ይህን ቁጥር እናስታውሰው፤ ኋላ ላይ ያስፈልገናል። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጥቂት ጠብታ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ እንዳለው ቅርንጫፍ አይደለም፤ የብዙ እፍኝ ቅጠል ኃይል በአንድነት የተጠራቀመበት ነው።

አገራችን በዚህ ሀብት የታደለች ናት። በባሌ፣ በመንዝና በሌሎችም ከፍታ ቦታዎች የሚበቅለው ጦስኝ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ ዝርያ ነው። ዘይቱ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ሁለት ጠንካራ ጀርም ገዳይ ንጥረ ነገሮች አሉት። በበርበሬና በሚጥሚጣ ውስጥ የምንጨምረው ነጭ አዝሙድም በታይሞል የበለጸገ ነው። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከልም መዓዛማ ተክሎችን በማልማትና ዘይታቸውን በማውጣት ላይ ሲሠራ ቆይቷል።

ጀርሙን እንዴት ይገድለዋል?

ባክቴሪያ አንድ ሴል ብቻ ያለው ፍጥረት ነው። ሴሉ በስስ የስብ ሽፋን የተከበበ ነው። ዘይት ከስብ ጋር ስለሚስማማ ታይሞልን የመሰለ ንጥረ ነገር ወደዚያ ሽፋን ሰርጎ ይገባል። ሽፋኑ ይላላል፤ ይቀዳደዳል። ከዚያ በኋላ በውስጡ ያለው ፖታሲየምና ሌላው ለሕይወት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ከተቀደደ አቁማዳ እንደሚፈስ እህል ወደ ውጭ ይፈሳል። ፈንገስም ሽፋን አለውና በተመሳሳይ መንገድ ይጎዳል።

ይህ እውቀት ዛሬ የተገኘ አይደለም። ካስፓር ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ታይሞልን ከተክል ዘይት ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1719 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 ጆሴፍ ሊስተር የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ በማከም ሕመምተኞች በቁስል መመረቀዝ እንዳይሞቱ ማድረግ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ሌሎች ጀርም ገዳዮችን ሲፈልጉ ታይሞልንም አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ የተሠራውና በሊስተር ስም የተጠራው የአፍ መጉመጥመጫ፣ ሊስተሪን፣ እስከ ዛሬ ድረስ ታይሞል፣ ከባሕር ዛፍ ዘይት የሚገኘውን ዩካሊፕቶልና ሜንቶል በውስጡ ይዟል።

በ1920ዎቹ ደግሞ አርተር ፔንፎልድ የተባለ አውስትራሊያዊ ኬሚስት “የሻይ ዛፍ” የሚባለውን ተክል ዘይት መርምሮ ጀርም በመግደል ከካርቦሊክ አሲድ ከ10 እጥፍ በላይ እንደሚበልጥ ገለጸ። (ይህ ዛፍ ስሙ ሻይ ይሁን እንጂ ከምንጠጣው ሻይ ጋር ዝምድና የለውም።) እ.ኤ.አ. በ1999 በምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች 52 የተክል ዘይቶችንና ጭማቂዎችን በ10 ዓይነት ባክቴሪያና ፈንገስ ላይ ሞከሩ። የሎሚ ሣር፣ የኦሬጋኖና የቤይ ቅጠል ዘይቶች 2 በመቶ ወይም ከዚያ ባነሰ መጠን ሁሉንም ጀርሞች እንዳይራቡ አደረጉ። ከሌሎቹ መካከል ደግሞ ስድስቱ በዚሁ መጠን አንዱን ጀርም እንኳ መግታት አልቻሉም። እንግዲህ “የተክል ዘይት ነው” ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ የየትኛው ተክል? በምን መጠን? በየትኛው ጀርም ላይ? ብለን መጠየቅ አለብን። ለምሳሌ ፕሱዶሞናስ የሚባለው፣ በቃጠሎና በቁስል ላይ የሚወጣ ባክቴሪያ፣ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላለው ለአብዛኞቹ ዘይቶች አይበገርም።

በሰው ላይ ሲሞከርስ?

በላቦራቶሪ ሳህን ላይ መግደል አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ማዳን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በሰዎች ላይ በጥንቃቄ የተደረጉትን ሙከራዎች እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1990 በአውስትራሊያ 124 ብጉር ያለባቸው ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ 5 በመቶ የሻይ ዛፍ ዘይት ያለበት ቅባት፣ ግማሾቹ የታወቀውን የብጉር መድኃኒት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድን ተቀቡ። ሁለቱም ብጉሩን ቀነሱ። ዘይቱ ቀስ ብሎ ቢሠራም ቆዳን በማድረቅና በማቃጠል ረገድ ችግሩ አነስተኛ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2002 በእግር ጣቶች መካከል የሚወጣ ፈንገስ ያለባቸው 158 ሰዎች ተመረመሩ። 50 በመቶ የሻይ ዛፍ ዘይት ከተቀቡት ውስጥ ፈንገሱ የጠፋላቸው 64 በመቶ ሲሆኑ፣ ዘይት የሌለበትን ፈሳሽ ከተቀቡት ግን 31 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥቂት ሰዎች ግን ቆዳቸው በዘይቱ ምክንያት ተቆጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት ፎረፎር ባለባቸው 126 ሰዎች ላይ በተደረገ ሌላ ሙከራ፣ 5 በመቶ ዘይት ያለበት የፀጉር መታጠቢያ ፎረፎሩን በ41 በመቶ ሲያሻሽል፣ ዘይት የሌለበት በ11 በመቶ አሻሽሏል።

የእናቶቻችን ቅርንፉድም ምስክር አለው። በዘይቱ ውስጥ ያለው ዩጂኖል ሕመም የሚያደነዝዝና ጀርም የሚገድል ነው። የጥርስ ሐኪሞች ዩጂኖልን ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር አዋሕደው ለጥርስ ጊዜያዊ መሙያ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ነገር ግን ቅርንፉዱ ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ የበሰበሰውን ጥርስ አይጠግንም፤ ከሥሩ የቋጠረውንም መግል አያወጣም።

አንባቢ ሆይ፣ በእነዚህ ምሳሌዎች ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አስተውለሃል? አስተውለሻል? ሁሉም በላይ ላይ ያሉ ናቸው፦ ቆዳ፣ የራስ ቆዳ፣ የእግር ጣት፣ አፍ፣ ጥርስ። ዘይቱ ጀርሙን ፊት ለፊት በሚያገኝበት ቦታ ነው የሠራው።

ከሳህኑ ወደ ሰውነት ለምን አይሻገርም?

እዚህ ላይ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። አንድ አዋቂ ሰው በሰውነቱ ውስጥ 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። በላቦራቶሪው ሳህን ላይ ጀርሞቹን ሁሉ የገታው መጠን 2 በመቶ ነበር። 5 ሊትር ደም ውስጥ 2 በመቶ ለማድረስ 100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ዘይት ያስፈልጋል። ይህም አንድ የቡና ስኒ ሞልቶ የሚተርፍ ነው። ይህን የሚያህል ዘይት የዋጠ ሰው ከበሽታው በፊት በዘይቱ ይሞታል። 12 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ደግሞ 1 ሊትር ገደማ ደም ብቻ ነው ያለው። ለእርሱ 2 በመቶ ማለት 20 ሚሊ ሊትር ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት ግን አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ብቻ ሕፃንን ሊያንዘፈዝፍና ራሱን ሊያስተው ይችላል።

ምክንያቱ ከላይ ያየነው ነው። ዘይቱ የባክቴሪያውን የስብ ሽፋን ይቀዳድዳል ብለናል። የእኛም ሴሎች የስብ ሽፋን አላቸው። ዘይቱ የጠላትንና የወዳጅን ሽፋን ለይቶ አያውቅም። እንደ ፔኒሲሊን ያሉ አንቲባዮቲኮች የተለዩበት ምክንያት ይህ ነው፤ ፔኒሲሊን የሚያጠቃው የባክቴሪያን ግድግዳ ሲሆን የሰው ሴል እንደዚያ ያለ ግድግዳ የለውም።

ታሪክም ይህን ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1914 በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የመንጠቆ ትልን ለማጥፋት በተደረገው ታላቅ ዘመቻ ሕዝቡ ታይሞል ይውጥ ነበር። መድኃኒቱ ትሉን ያስወጣ ነበር። ይሁን እንጂ ሰዎች በዚያን ቀን ቅባትና አልኮል እንዳይነኩ በጥብቅ ይታዘዙ ነበር፤ ምክንያቱም ታይሞሉ ከእነዚህ ጋር ወደ ደም በብዛት ከገባ ሰውዬውን ሊገድለው ይችል ነበር። ኋላም ለሰው የማይከብዱ መድኃኒቶች ሲገኙ ታይሞል ለዚህ አገልግሎት መዋሉ ቀረ። እንግዲህ ከተክል የተገኘ ሁሉ ጉዳት የለውም የሚለው አባባል ትክክል አይደለም።

አንዳንዱ ሻጭ ግን ከዚህ ወሰን አልፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የኢቦላ ወረርሽኝ በምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ሲጨርስ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የመዓዛ ዘይት ለሚሸጡ ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ጻፈ። ዘይታቸው ኢቦላንና ሌሎች ከባድ በሽታዎችን እንደሚያድን ወይም እንደሚከላከል የሚገልጽ ማስታወቂያ ይሰራጭ ስለነበር ነው።

በሌላ በኩል ሳይንቲስቶች ስለ እነዚህ ዘይቶች የሚደክሙበት በቂ ምክንያት አላቸው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ መድኃኒቱን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ጀርሙን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። የተናገረውም ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ተገምቷል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ዘይቶቹን ለቁስል ማጠቢያ፣ ለዕቃ ማጽጃ፣ ለምግብ ማቆያና ከአንቲባዮቲክ ጋር ተደምረው ለሚሰጡበት መንገድ ይፈትኗቸዋል። እኛም በበኩላችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ገዝተን ከመዋጥና ሲሻለን ከማቋረጥ ብንቆጠብ ለልጆቻችን መድኃኒት እናቆይላቸዋለን።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ

አሁን ነገሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። የሁለት ዓመት ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት እናስብ። ልጁ ከትናንት ጀምሮ ያስለዋል፤ ሌሊት ትኩሳቱ ጨመረ። ሊጠይቁ የመጡት አያቱ “ልጆቼ፣ ባሕር ዛፍ አፍልተን እንጠነው፤ ይለቀዋል። አንተንም ያሳደግኩህ በዚህ ነው” ይላሉ። ባል “እማዬ፣ ትንፋሹን ተመልከቺው እንጂ፤ ሐኪም ቤት እንውሰደው” ይላል። ሚስት በአማቷና በባሏ መካከል ቆማለች። አማቷን ማስቀየም አትፈልግም፤ ልጇም ያሳስባታል። እንዲህ ባለ ሰዓት በስንት ቤት ጠብ ተነሥቷል!

ወገኖቼ፣ በዚህ ጊዜ ክርክሩን የሚፈታ ነገር አለ፤ እርሱም ሰዓት ነው። ልጁ ሳያለቅስ፣ ረጋ ባለበት ጊዜ ደረቱን ገልጣችሁ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ እንዲህ ነው፦ ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር ላለ 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው። የሚያስለው ልጅ ትንፋሹ እንዲህ ከፈጠነ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንዘፈዘፈው ወይም ከፈዘዘ ሊነጋ ነው ተብሎ አይጠበቅም።

የባሕር ዛፍ እንፋሎት አፍንጫ የተከፈተ ያህል እንዲሰማ ያደርጋል። በሳንባ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ግን አይገድልም። ለአዋቂ ሰው ጉንፋን ማስታገሻ ቢሆን አንከለክልም፤ ለትንሽ ልጅ ግን የፈላ ድስት ራሱ አደጋ ነው። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ካምፈርና ሜንቶል ያለባቸው የሚቀቡ ቅባቶችም ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይሆኑም።

አያትንም አናሳፍራቸው። “እማዬ፣ ያንቺን እንክብካቤ ንቀን አይደለም፤ ሐኪሙ ይየውና ስንመለስ ትይዥልናለሽ” ማለት ይቻላል። አብረውን ቢሄዱም ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው።

ለአራስ ሕፃን እትብትም አንድ ቃል እንጨምር። በአንዳንድ አካባቢ ቅቤ ወይም ሌላ ነገር ይቀባል። ይህ ጀርም ወደ ሕፃኑ ደም የሚገባበትን በር መክፈት ነው። እትብቱ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ የጤና ባለሙያ ክሎርሄክሲዲን ካዘዘ እርሱ ብቻ ይቀባ። የመዓዛ ዘይት ለዚህ አይሆንም።

ስለ ቅብዓት ዘይትስ?

ይህን ጥያቄ ማለፍ አይቻልም፤ ምክንያቱም አንዳንዶች ዘይቶቹን “የመጽሐፍ ቅዱስ መድኃኒት” ብለው ይሸጧቸዋል። እውነት ነው፣ በዘጸአት 30 ላይ የተቀደሰው የቅብዓት ዘይት ከከርቤ፣ ከቀረፋና ከሌሎች ሽቶዎች ከወይራ ዘይት ጋር እንዲሠራ ታዝዟል። የቀረፋ ዘይት ጀርም እንደሚገድልም ዛሬ እናውቃለን። ነገር ግን ያ ቅብዓት ለመገናኛው ድንኳንና ለካህናቱ የተለየ ነበር። በማንኛውም ሰው ሰውነት ላይ እንዳይፈስ፣ እርሱንም የመሰለ እንዳይሠራ እዚያው ምዕራፍ ላይ ተከልክሏል። ለጉንፋን የተሰጠ የመድኃኒት ማዘዣ አድርገን ልናነበው አይገባም።

ዳዊት በመዝሙር 51 ስለሚጠራው ሂሶጵም እንዲሁ ነው። ብዙ ሊቃውንት ሂሶጵ የጦስኝ ዘመድ የሆነ፣ ዘይቱም ታይሞልና ካርቫክሮል ያለበት የሶርያ ኦሬጋኖ ነው ብለው ያስባሉ። ይህ ደስ የሚል እውቀት ነው። የዳዊት ልመና ግን ስለ ኃጢአቱ ነበር፤ ከዚያ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ መሥራት ቃሉን ማቃለል ይሆናል።

ሽማግሌዎች ለታመመ ሰው ዘይት ቀብተው ሲጸልዩ (ያዕ. 5፥14) ተስፋቸው በዘይቱ ኬሚስትሪ ላይ አይደለም፤ በጌታ ላይ ነው። ይኸው ጌታ ሕዝቅያስን ሲፈውስ ነቢዩ ኢሳይያስ በእባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዝዟል (2 ነገ. 20፥7)። ደጉ ሳምራዊ በቁስሉ ላይ ዘይትና የወይን ጠጅ አፍስሶ ሰውዬውን በዚያው አልተወውም፤ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወስዶ ለሚንከባከበው ሰው ከፍሎ አስረከበው። ጸሎትና ሕክምና ባላጋራዎች አይደሉም። ልጁን እያጸለየ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ አባት እምነቱ አልጎደለም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ባልና ሚስት አብረው ቢያነቡት፣ ልጅ ከመታመሙ በፊትም ቢነጋገሩበት ይጠቅማል።

1. ቅጠሉንና ጠርሙሱን እንለይ። ጦስኝ በሻይ፣ ነጭ አዝሙድ በበርበሬ፣ በሶብላ በሽሮ ምግብ ናቸው፤ በደስታ እንብላቸው። የተጠራቀመው ዘይት ግን እንደ መድኃኒት ይቆጠር፤ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ አይጠጣ።

2. ንጹሑን ዘይት በቀጥታ ቆዳ ላይ አናፍስስ። ለአዋቂ ሰው 30 ሚሊ ሊትር የወይራ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት ውስጥ 12 ጠብታ ሲጨመር 2 በመቶ ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያ በክንድ ላይ ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ መልካም ነው፤ ካሳከከ ወይም ከቀላ ይቅር። ዓይን፣ ጆሮና የተከፈተ ቁስል ውስጥ አይግባ።

3. ለሚሆነው ነገር እንጠቀምበት። ፎረፎር፣ ቀላል ብጉር፣ በእግር ጣት መካከል ያለ ፈንገስ ሊሞከርባቸው ይችላል። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ከሌለ ሐኪም ይየው። በልጆች ፀጉር ውስጥ የሚወጣ ጭርት ግን በሚቀባ ዘይት አይድንም፤ ፈንገሱ በፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

4. ነፍሰ ጡር እኅቶች ይጠንቀቁ። በተለይ የጤና አዳም ዘይት ማኅፀንን ስለሚያነሣሣ ለጽንሱ አደገኛ ነው። የጤና አዳም ቅጠል ጭማቂ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቃጠሎ ውኃ ሊቋጥር እንደሚችልም ይታወቅ።

5. ጠርሙሱ ይቆለፍበት። መዓዛው ጣፋጭ ስለሆነ ልጆች ይስባቸዋል። ልጅ ከጠጣ እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

6. ያረጀ ዘይት ይጣል። አየርና ብርሃን ያገኘው ዘይት ተለውጦ ቆዳን ይበልጥ ያስቆጣል። ክዳኑ በደንብ ይጠበቅ፤ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።

7. የጀመርነውን መድኃኒት በዘይት አንተካ። የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር፣ የኤች አይ ቪ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው “ይህን ዘይት አገኘሁ” ብሎ ማቋረጥ የለበትም። ዘይቱን የሚሸጥልን ሰው መልካም ክርስቲያን መሆኑ ሐኪም አያደርገውም።

የተወደዳችሁ፣ እግዚአብሔር በየተራራው ያበቀለልን ጦስኝ ትልቅ ስጦታ ነው። ስጦታን ማክበር ማለት የተሰጠበትን ልክ ማወቅ ነው። ጦስኙ በሻያችን ይፍላ፤ ቅርንፉዱም በጓዳችን አይጥፋ። ልጃችን ትንፋሹ ሲፈጥን ግን ሰዓታችንን አውጥተን እንቁጠር፤ ቁጥሩ ካለፈ ጫማችንን አድርገን እንነሣ። ሚስት ልጁን ስትጠቀልል ባል መኪና ይፈልግ፤ አያት ደግሞ በጸሎት ይከተሉን። ጌታ ቤታችሁን በጤናና በማስተዋል ይጠብቅ።